የዝናቡ ብልቃጥ

የመምሬ ሰይፈ ሥላሴ እግር የሚነሣባቸው ሁልጊዜ በበዓል ማግስት ነበር። የማርያም ክብረ በዓል ይውላል፣ ሥጋው ይቀርባል፣ ጠላው ይቀዳል፤ በነጋታው የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት እንደ በሰለ በርበሬ ቀልቶና አብጦ ይገኛል። ያን ጊዜ የነጠላ ጫፍ እንኳ ሲነካቸው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። የመንደራቸው የኮሶ በር ሰው ግን ነገሩን ከበዓሉ ድግስ ጋር አላያያዘውም። «ከልጅነቱ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም እግር ምን ይሁን?» ይላል። እሳቸውም እንደዚያው ያምኑ ነበር። ማርያምን ሲያገለግሉ ያገኙት ሕመም ነው ብለው፣ በልባቸው ጥግ ትንሽ ይኮሩበትም ነበር።

ዳባት ጤና ጣቢያ ደማቸው ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ ግን ወጣቱ ሐኪም ኩራታቸውን ወሰደባቸው።

«ከመቆም የመጣ አይደለም አባ። ሪህ ነው። ደምዎ ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በዝቷል። ኩላሊትዎ አጣርቶ ሊያስወጣው አልቻለም፤ እንደ ስባሪ ጠርሙስ ሆኖ መጋጠሚያው ላይ ይቀመጣል።»

«ታዲያ በምን ይወጣል?»

«ሥጋ ይቀንሱ፣ ጠላ ይተዉ። ውኃ በብዛት ይጠጡ። ይህችን ኪኒን ደግሞ ሳያቋርጡ በየቀኑ ይውሰዱ።»

«ሳላቋርጥ እስከ መቼ?»

«እስከ መጨረሻው።»

«የማን መጨረሻ?»

ሐኪሙ ሳቅ ቢያመልጠው እሳቸውም ሳቁ። ኪኒኑን ተቀብለው ወጡ። በሚኒባሱ ወደ ደባርቅ መንገድ ሲመለሱ ግን ሳቁ ለቋቸው ነበር። ውኃ በብዛት የሚጠጣ ቄስ ማን አይቷል? የሚቀድስ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ጉሮሮውን እንዳደረቀ ነው የሚውለው። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅዳሴው የሚያልቀው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ኮሶ በር ማርያም ከዋናው መንገድ ወደ ገደሉ ወረድ ብላ ያለች ትንሽ ደብር ናት። ዲያቆን አላጣችም፤ ቄስ ግን ሁለት ብቻ ነው ያላት፤ መምሬ ሰይፈ ሥላሴና ዐይናቸው የደከመው መምሬ ባርናባስ። በአንድ ቄስ አይቀደስም። ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ቅዳሴው ይታጎላል። ባለፈው ዓመት በአስተርእዮ ማግስት በዋለው እሑድ እንዲህ ሆኖ ነበር። ሰው ነጭ ለብሶ መጣ፣ ጸሎት ሰማ፣ ሳይቆርብ ተመለሰ። መምሬ ሰይፈ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተኝተው ሳለ፣ በአጥራቸው ሥር የምታልፍ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ማርያም ዛሬ ብቻዋን ዋለች» ስትል ሰሙ። ከእግራቸው ሕመም ይልቅ ይህ ቃል ነበር ሲያማቸው የከረመው። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚፈሩት ሞትን ሳይሆን የታጎለ ቅዳሴን ሆነ።

ብልቃጡ የመጣው በጥምቀት ሰሞን ነው። አቪሃይ የሚባል ጎልማሳ ከእስራኤል ጎንደር ድረስ ለጥምቀት መጥቶ፣ አያቱ የተወለደበትን ቀዬ ሊያይ ወደ ዳባት ወጣ፤ ከዚያም እየጠየቀ ኮሶ በር ደረሰ። አማርኛው የተሰባበረ ነበር። መምሬ ሰይፈ እያነከሱ ሊቀበሉት ሲወጡ እግራቸውን አየና ፈገግ አለ።

«አያቴ የነገረኝ እውነት ነው» አለ። «ሰይፉ እግሩን ያመዋል ብሎ ነበር። ለዚህ ነው ይህን ብልቃጥ የላከው።»

አያቱ ዝናቡ ነው። ዝናቡና መምሬ ሰይፈ ያደጉት ወንዝ ለወንዝ ነው። የዝናቡ ወገኖች ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ አባቱ ብረት ይሠራ ነበር። የመምሬ ሰይፈ አባት ደግሞ ብራና ያለፋ ነበር። የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ የሚፍቅበትን ብረት የሠራለት የዝናቡ አባት ነው። ሁለቱ ልጆች አብረው ይዋኛሉ፣ ቆሎ ይካፈላሉ፣ የባቄላ እሸት ይሰርቃሉ። ሥጋ ግን የየራስ ነበር። ያኛው ቤት የባረከውን ይኸኛው አይቀምስም፤ የዚህኛውንም ያኛው። ዝናቡ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ወንዝ ገብቶ ይታጠባል፤ ከክርስቲያን ልጅ ጋር ውሎ ሳይታጠብ እናቱ ደጃፏን አታስረግጠውም። ሰይፉም ዳር ቆሞ ልብሱን ይይዝለታል። ማንም ማንን አልተቀየመም። ነገሩ እንደዚያ ነበር።

ከዚያ መንደሩ በሙሉ ተነሥቶ ሄደ። ወንዙ ዳር የቀረው መቃብርና የፈረሰ ግድግዳ ነው። ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፅ ለድምፅ ተገናኙ። ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ በሽታ ያወራሉ። ዝናቡም ሪህ ነበረበት። እሱ ባለበት አገር ቼሪ የሚሉት ቀይ ፍሬ ተጨምቆና ደርቆ፣ ዱቄቱ በካፕሱል እየታሸገ እንደሚሸጥ፣ እሱ በየቀኑ እንደሚወስደውና ጣቱ እንደተወው ነግሯቸው ነበር። አሁን ያንን ነው የላከው። ነጭ ብልቃጥ፣ ላዩ ላይ የቀይ ፍሬ ሥዕል፣ ከሥሩ የዕብራይስጥ ጽሑፍ።

መምሬ ሰይፈ ብልቃጡን ይዘው ደባርቅ ወጡ። ልጃቸው ናዝራዊት ጎንደር ተምራ የተመረቀች የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ደባርቅ ገበያው አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ብልቃጡን አገላብጣ ከጽሑፉ መካከል ያለችውን ጥቂት እንግሊዝኛ አነበበች።

«ሰፕልመንት ነው አባዬ። የምግብ ማሟያ።»

«ያድናል?»

«ያድናል አልልዎትም። አንዳንዱን ሰው ትንሽ ይረዳው ይሆናል፤ ማስረጃው ደካማ ነው። እንዲያውም ራሱ ብልቃጡ ላይ መድኃኒት አይደለም ብሎ ጽፎበታል። የሐኪሙን ኪኒን እንዳይተዉ ብቻ።»

«መድኃኒት አይደለም?»

«አይደለም። ምግብ በሉት።»

ናዝራዊት ይህን ያለችው አባቷ ብልቃጡ ላይ ብዙ ተስፋ እንዳይጥሉ ብላ ነው። መምሬ ሰይፈ ግን ሌላ ነገር ሰሙ። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል፤ ሱባዔ ገብተው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጸበል ሊጠመቁ ተስለዋል። በእነሱ አገር ደግሞ ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት አይደርብም፤ ሁለት ሐኪም አያጣላም ይባላል። ኪኒኑን መተው ነበረባቸው፤ እግራቸው ከፋሲካ በፊት ይነሣብኛል ብለውም ይፈሩ ነበር። ምግብ ግን በጸበል አይከለከልም። ቀይ ፍሬ፣ እንደ እንጆሪ ያለ የጾም ምግብ። በመንገዳቸው ሁሉ ነገሩን አሰላሰሉት። እንከን አላገኙበትም።

ስለዚህ ኪኒኑን ከሳጥን ከተቱት። ካፕሱሉን ግን በሥርዓቱ ያዙት። ምግብ ነውና ከቅዳሴ በፊት አይነኩትም። ሰዓቱ ሲደርስ፣ ቅዳሴው ሲያበቃ፣ ሰው ተሰናብቶ ሲሄድ፣ ቤታቸው ገብተው ማዕዱን ባርከው ከእህሉ ጋር ይውጡታል። ባለቤታቸው የሺወርቅ ታሾፍባቸው ነበር።

«ያቺን ቀይ ፍሬዎን እንደ ቁርባን ነው የሚጠብቋት።»

«ምግብ ናት አሉ። ምግብ ደግሞ ሰዓት አለው።»

«ከእኔ ሽሮ የበለጠች ምግብ አገኙ በሉኛ።»

«የአንቺ ሽሮ እግር አያቆምም።»

«ይህን ያህል ዓመት ያቆመዎት ማነው ታዲያ?»

እግራቸው ቆመ። የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት አለፈ፣ ደብረ ዘይት ደረሰ፣ አውራ ጣታቸው እንደ ሌላው ጣት ሆነ። ቆዳዋ ተላጠ፣ መልኳ ተመለሰ። መምሬ ሰይፈ ከቅዳሴ ወጥተው ዳገቱን ያለ ከዘራ ሲወጡ ያዩ ሰዎች ጸበሉን አመሰገኑ። እሳቸውም ጸበሉን ያመሰግኑ ነበር፤ በልባቸው ግን ዝናቡንም ያመሰግኑት ነበር። መምሬ ባርናባስ ደግሞ «አሁንስ ፋሲካን ያለ ሥጋት ልናየው ነው» አሉ፤ የሚቀድስ ጓደኛ ያጣ ሽማግሌ ምን ያህል ሲፈራ እንደ ከረመ ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

ከኒቆዲሞስ በኋላ ባለው ሳምንት መምሬ ሰይፈ ጉንፋን ያዛቸው። ጉሮሯቸው ታፈነ፤ ካፕሱሉ አልወርድ አላቸው። የሺወርቅ የዳማከሴ ውኃ አፍልታ በስኒ ሰጠቻቸው። ካፕሱሉ ይለስልስልኝ ብለው ከስኒው ጨመሩት፤ አንዱ አልበቃ ብሏቸው የትናንቱንም ደረቡ። ማዕዱን እስኪባርኩ ቆየ። ስኒውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ እጃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

ውኃው ቀልቷል። ዳሩ ላይ የተዝለገለገ ነገር ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። ጣታቸውን አሸተቱት። ከዳማከሴው ሥር፣ ከፍሬው መኮምጠጥ ሥር፣ ሌላ ሽታ አለ፤ ቀጭን፣ ሩቅ፣ ግን ልጅ ሆነው የሚያውቁት። የአባታቸው ግቢ ነበር የሸተታቸው። ከብራና የተፋቀው የቆዳ ቁርጥራጭ በሸክላ ተጥዶ ሙጫ እስኪሆን ሲፈላ፣ እሳቸውም በእንጨት ሲያማስሉ።

«ምነው?» አለች የሺወርቅ።

«ምንም» አሉ። ስኒውን ይዘው ወጥተው ከአጥሩ ሥር ደፉት። ማዕዱን ሳይቀምሱ ቀሩ።

በማግስቱ ማለዳ ብልቃጡን በነጠላቸው ጠቅልለው ደባርቅ ወጡ። ናዝራዊት የመድኃኒት ቤቱን በር ገና መክፈቷ ነበር።

«አባዬ፣ በሰላም ነው? እግርዎ ነው?»

«እግሬ ደህና ነው። ይኼ የተጻፈው ሁሉ ምን እንደሚል ንገሪኝ። ሁሉንም።»

ናዝራዊት ስልኳን አውጥታ የዕብራይስጡን ጽሑፍ አነሣችው፤ ስልኩ እየተረጎመ አወጣላት። ፍሬውን አነበበች፣ አወሳሰዱን አነበበች፣ ነፍሰ ጡር እንዳትወስደው የሚለውን አነበበች። ከዚያ ስልኩን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው።

«ቀጥዪ።»

«ሽፋኑ ጀላቲን ነው ይላል።»

«ጀላቲን ምንድን ነው?»

ናዝራዊት የቄስ ልጅ ናት። የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። «ዱቄቱ እንዳይበተን የሚደረግ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። አባቷ ዐይናቸውን አልነቀሉባትም።

«ከቆዳና ከአጥንት ነው የሚሠራው አባዬ። ከከብት። እዚህ እኛ የምንሸጠው ካፕሱልም አብዛኛው እንደዚያ ነው። ደግሞ...» ብልቃጡን አዙራ ክብ ማኅተም አሳየቻቸው። «ይኼ በአይሁድ ሥርዓት የታረደ ነው ማለት ነው።»

መምሬ ሰይፈ መደርደሪያውን ተደግፈው ቆሙ። አንዲት ሴት ለልጇ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ገባች፤ ናዝራዊት ሽጣላት ሸኘቻት።

«በጾም» አሉ ሴትዮዋ ስትወጣ። «በጾም ሥጋ። ያውም የሌላ ሃይማኖት ቡራኬ ያለበት ሥጋ። በልቼ እየገባሁ ቀደስሁ።»

«ሳያውቁ ነው እኮ።»

«ሰዓቱን ስጠብቅ ከረምሁ ናዝራዊት። ሰዓቱን። ከምን እንደ ተሠራ አልጠየቅሁም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ማንበብ ነበረብኝ። ግን ስሙኝ። በሕክምናው በኩል ይህን ያህል ነገር አይደለም፣ ጥፍር የምታህል ሽፋን ናት። ለበሽተኛ ደግሞ መድኃኒት ይፈቀዳል፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ማንም አያውቅም። እኔ አልናገርም።»

«እግሬንስ ያዳነው እሱ ነው?»

ናዝራዊት ትንሽ አሰበች። ቢያጽናናቸውም ባያጽናናቸውም እውነቱን ልትነግራቸው ወሰነች።

«አላውቅም። እሱ ነው ብዬ አልምልም። ጾም ነው፣ ሥጋና ጠላ ቀርቷል። ጸበሉን በየጠዋቱ እየጠጡ ነው፤ ሐኪሙ የለመነዎት ውኃ ያው እሱ ነው። ኪኒኑንም ከዚያ በፊት ለወራት ወስደዋል። ከሁሉም ከሁሉም ይሆናል። ምናልባት ካፕሱሉ ምንም አላደረገም።»

መምሬ ሰይፈ ራሳቸውን ነቀነቁ። በከንቱ መብላታቸው ይብስ ይሁን ይቀልል ሊገባቸው አልቻለም።

ከመድኃኒት ቤቱ ወጥተው አውቶቡስ መናኸሪያው አጥር ጥግ ቆመው ለዝናቡ ደወሉ።

«ሰይፉ» አለ ዝናቡ፤ ድምፁ ቅርብ ነበር። «ጸሎቱ እንዴት ነው? እግርህስ?»

«እግሬ ደህና ነው። ቆሜ ነው የማናግርህ።»

«አላልሁህም? አንተ እኮ ካልታዘዝህ አትሰማም። በልጅነትህም እንደዚሁ ነህ።»

«ዝናቡ፣ የካፕሱሉ ሽፋን ከምንድን ነው?»

«ሽፋኑ? እሱን ለእኔ ተወው፣ በደንብ አይቼበታለሁ።» ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር። «ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበረ። አንደኛው ሽፋኑ ከዕፅዋት ነው፣ ማኅተም ግን የለውም። ሌላው ራቢዎቹ ያዩት፣ በወጉ ከታረደ ከብት የተሠራ ነው። አቪሃይ ያንን የዕፅዋቱን ሊያነሣ ሲል እጁን መታሁት። ለቄስ ነው የምንልከው፣ ንጹሑን አንሣ አልሁት።»

 ከመናኸሪያው ረዳቶች ጎንደር፣ ጎንደር እያሉ ይጮኻሉ።

«ሰይፉ? መስመሩ ተቆረጠ እንዴ?»

«አልተቆረጠም።»

ዝናቡም ቀስ ብሎ ገባው። መጀመሪያ ሳቀ። «ኧረ ተው። በዚህ ዕድሜህ ሥጋችንን አበላሁህ በለኛ። እናቴ ብትሰማ አንተንም ወንዝ ትከትህ ነበር።» ሳቁ አልተመለሰለትም። ብቻውን ትንሽ ሄደና ቆመ። «ጾም ላይ ናችሁ አይደል?»

«አዎ።»

«እኔ ያሰብሁት ንጽሕናውን ነበር። ለአንተ የሚሆነውን። እኛ ዘንድ ከዚያ የበለጠ ንጹሕ የለም።»

«አውቃለሁ ዝናቡ። ልብህን አውቀዋለሁ።»

«ጣለው በቃ። የዕፅዋቱን እልክልሃለሁ።»

«አትላክ። ተሽሎኛል።»

«ሰይፉ፣ ተቀየምኸኝ?»

«ምን ብዬ እቀየምሃለሁ? ልብስህን ስይዝልህ ያደግሁ ሰው ነኝ።»

ስልኩ ሲዘጋ ግን ሁለቱም ከዚህ በኋላ እንደ ድሮው እንደማይደዋወሉ አውቀውታል። አንዱ በደወለ ቁጥር ያቺ ብልቃጥ በመካከላቸው ትቆማለች።

መምሬ ባርናባስ የንስሐ አባታቸውም ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ከቅጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸውና ሁሉንም ነገሯቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲጨርሱላቸው ለረጅም ጊዜ በመቋሚያቸው መሬቱን ሲጭሩ ቆዩ።

«መድኃኒት ነው» አሉ በመጨረሻ። «በሽተኛ ነበርህ። መድኃኒት ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ያላወቅኸውን ደግሞ እግዚአብሔር ያውቃል። መድኃኒት መስሎኝ ወሰድሁት በለኝና ነገሩ እዚህ ይለቅ።»

መምሬ ሰይፈ መልስ ከመስጠታቸው በፊት የቤተ ክርስቲያኑን በር አዩ። ሆሳዕና በሚመጣው እሑድ ነው። ከዚያ ሕማማት፣ ከዚያ ትንሣኤ። አንድ ቃል ነው የተጠየቁት።

«አባ፣ መድኃኒት አልመሰለኝም።»

«ታዲያ ምን መሰለህ?»

«ጸበል ገብቼ ነበር። ጸበል ላይ መድኃኒት አይደረብም ብዬ የሐኪሙን ኪኒን ተውሁ። ይኼንን ግን ምግብ ነው ብዬ ወሰድሁ። ልጄ ምግብ በሉት ስትለኝ ደስ አለኝ። ያን ጊዜ ምግብ እንዲሆን ፈልጌ ምግብ አልሁት። ዛሬ ደግሞ መድኃኒት እንዲሆን ፈልጌ መድኃኒት ልበለው?»

«አንተ ሰውዬ» አሉ መምሬ ባርናባስ፣ ድምፃቸው ደክሞ፣ «እኔ በር ስከፍትልህ አንተ ትዘጋዋለህ።»

«ቢከፈትልኝማ እወድ ነበር አባ።»

«እኔንስ አላሰብኸኝም? ብቻዬን ከመንበሩ ፊት ምን ልሠራ ነው? ይኼ ሕዝብስ?»

 መምሬ ባርናባስ በመጨረሻ ቀኖናውን ሰጧቸው። ዳግማይ ትንሣኤ እስኪያልፍ ወደ መቅደስ አይገቡም፤ ከውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ፤ ይሰግዳሉ። ሲናገሩ ቀና ብለው አላዩአቸውም። «የንስሐህን ነገር ከአፌ ማንም አይሰማም» አሉ። «ለምን አልገባም ብለው ሲጠይቁህ ግን ምን እንደምትል አላውቅልህም።»

ከአካባቢው ደብሮች ቄስ ለመለመን ዲያቆናት ወጡ፣ ወረዱ። ሆሳዕና ነው፤ ሁሉም ለየራሱ መቅደስ ነው። በዋናው መንገድ ላይ ያሉትም ሰው እንደሌላቸው ተናገሩ። በሆሳዕና ማለዳ የኮሶ በር ሰው ዘንባባውን ይዞ መጣ። መምሬ ባርናባስ ጸሎት አድርሰው ዘንባባውን ባረኩና፣ ቅዳሴ የሚሻ ወደ ማዶ ገብርኤል ይሂድ ብለው አሰናበቱ። ማዶ ገብርኤል ከገደሉ ባሻገር ነው፤ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መልሶ መውጣት አለ።

መምሬ ሰይፈ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። ቀጥ ብለው፣ በሁለት እግራቸው። እንዲህ ሳያማቸው የቆሙበትን ሆሳዕና ከረጅም ጊዜ ወዲህ አያስታውሱም።

ዓለምዬ የምትባል ጠና ያለች ባልቴት ቀረብ አለቻቸው። ባለፈው ዓመት ማርያም ብቻዋን ዋለች ያለችው እሷ ነች።

«እግርዎ ድኖ የለም እንዴ መምሬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል።»

«ታዲያ?»

ፊታቸውን ወደ ቅጥሩ መለሱ። ዓለምዬ ከእግራቸው እስከ ራሳቸው አየቻቸውና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ወዲያው የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ላቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰሙት፤ ዝቅ ያለው ግን እሳቸው እንዳይሰሙት ተብሎ አልነበረም።

«ሁለቱ ቄሶች ተጣልተው ነው። ወይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጤነኛ ሰው መቅደሱን ትቶ ደጅ የሚቆመው በምን ምክንያት ነው? በእነሱ ምክንያት ሕፃን አዝለን ገደል እንውረድ?»

«እግዜር ይይላቸው» አለች አንዷ።

የሺወርቅ ይህን ሰምታ ፊቷ ጠቆረ። ባሏ ለምን እንደማይገቡ አታውቅም፤ አልነገሯትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ብልቃጡ ከመደርደሪያው ላይ ጠፍቶ፣ ባዶውን ከአማቷ የብራና መፋቂያ ብረት ጋር በቆዳ ከረጢት ውስጥ ስታገኘው ግን አንድ ነገር እንዳለ ገምታለች።

ሰዉ መውረድ ጀመረ። መምሬ ሰይፈ በመጨረሻ ተከተሉ። የሚያውቋቸው ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ይሄዳሉ። ሌላ ጊዜ መስቀላቸውን ለመሳለም የሚሻሙ ልጆች እንኳ እናቶቻቸው ጠርተዋቸው ከፊት ናቸው። አንዳንዱ ዘወር ብሎ አረማመዳቸውን ያያል። ጤነኛ እግር እንዲህ የሚያሳፍር መሆኑን አያውቁም ነበር። እያነከስሁ ላስመስል ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባቸው። ራሳቸውን ተጠይፈው አባረሩት፤ እርምጃቸውንም አጠነከሩ።

ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አልቀመሱም። ቀኖናውን ከተቀበሉ ወዲህ ለስግደት ሲሉ ወደ ጸበሉ መውረድንም ትተዋል፤ ኪኒኑም ከሳጥኑ አልወጣም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ፣ የድሮው የዝናቡ መንደር ፍርስራሽ ካለበት አጠገብ፣ ድንጋይ ለመርገጥ እግራቸውን ሲያነሡ አውራ ጣታቸው ውስጥ አንድ ነገር ነዘር አለ። ቆሙ። ያውቁታል። መጀመሪያ እንደ ማሳከክ፣ ከዚያ እንደ ፍም።

ዳገቱን ሲጀምሩ ያነክሱ ነበር። ግማሽ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። ጣቱ ቀልቷል፣ ያብረቀርቃል። ዓለምዬ ለማረፍ ተቀምጣ ስለነበር አየችው።

«ኧረ እግራቸው ነው» ብላ ወደ ላይ ተጣራች። «ላቀው፣ እግራቸው ነው ለካ። እዩት እንዴት እንደ ተነፋ። ይኼን እግር ይዘው ነው የዋሉት፣ ደግሞ ድኗል ይሉኛል። ቻል አድርገውት ነው።»

ላቀው ተመልሶ ወረደ። እግሩን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ይቅር ይበሉኝ መምሬ» አለ፤ ትከሻውንም ሰጣቸው። አንዱ መቋሚያውን ተቀበላቸው፣ ሌላዋ ጫማቸውን። ልጆቹ ተመልሰው መጡ። የሺወርቅ ከኋላ ሆና ታያለች። አልቀረበችም።

መምሬ ሰይፈ እግሬ ቅድም ደህና ነበር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሕመሙ ግን እንደ ዘመድ መጥቶ ከጎናቸው ቆሟል፤ ስማቸውን እየመለሰላቸው ነው። አፋቸውን ዘጉ። በላቀው ትከሻ ላይ ክብደታቸውን ጣል ሲያደርጉ የተሰማቸው ነገር እረፍት ነበር፤ እረፍት መሆኑንም ሲያውቁ ፊታቸው እንደ ጣታቸው ጋለ። ይህንንም ለመምሬ ባርናባስ መናገር ይኖርባቸዋል። ይናገሩት እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበሩም።

ማዶ ገብርኤል ቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ አስቀመጧቸው፤ ነጠላ አጥፈው ከእግራቸው ሥር አደረጉላቸው። ቅዳሴው ተጀምሯል። ዲያቆኑ ከውስጥ፣ የተቀመጡ ሁሉ እንዲነሡ የሚያዘውን ጥሪ በግዕዝ ሲያሰማ በቅጥሩ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። መምሬ ሰይፈም በመቋሚያቸው ተደግፈው ለመነሣት ሞከሩ፤ ከወገባቸው ቀና አሉና ተመልሰው ወደቁ።

«ይቀመጡ መምሬ» አለች ዓለምዬ በለሆሳስ። «እርስዎን እግዜር ያውቅልዎታል።»

ተቀመጡ። በቆመው ሕዝብ መካከል ብቻቸውን ተቀምጠው፣ ዘንባባውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፉ።